አቤቱታ በአንድ ዘፈን ልክ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ያችን ነጭ ነገር ጆሯቸው ላይ ሰክተው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቼ፣ "ራፕ ነው አይደል?" ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንቺ ደሞ ራፕን ከየት አውቀሽው ነው አሉኝ። ከቆቦ፣ ከመስኖ ቢሮ፣ አልኋቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። የነገሩን ጫፍ ብነግራቸው ግን አላስቀምጥ አሉኝ፤ ትልቋ የልጅ ልጄማ አንቺ ተናገሪ እኔ ልጻፍ ብላ ጎኔ ተቀመጠች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ስናገርም ነገሬ ቀጥ አይልልኝ፣ እንደ እግሬ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አንዷ ልጄ ዋጃ ናት፣ አንዷ ጎብዬ፣ የኔ ቤት ደግሞ በመካከሉ ቆቦ አጠገብ። ሚኒባስ ሳገኝ በሚኒባስ፣ ሳጣ በእግሬ፣ ከመንገደኛ ጋር እያወጋሁ እሄዳለሁ። እንግዲህ የምናገረውም እንደዚያው ነው፤ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

የእኛ አገር ዝናብ የሚዘንበው ሌላ አገር ነው። ይኼን ያላወቀ ሰው የኔን ጭንቀት አያውቀውም። ክረምት ሲገባ በምዕራብ ያለው ደጋ ላይ ይጥላል፣ እኛ ቆላ ላይ ፀሐይ ነው። ከዚያ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ይወርዳል፣ እኛ ጎርፉን ጠልፈን በቦይ በቦይ ወደ ማሽላችን እናስገባዋለን። ካመለጠን አመለጠን ነው፤ ወደ አፋር በረሃ ይነጉዳል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። ከየቤቱ አካፋ የያዘ ሰው ይወጣል። አካፋ ያላወጣ ቤት ጎርፍ የለውም። ወግ ነው፣ ማንም አይከራከረውም።

ይኼ ነገር በሆነበት ዓመት ከኔ ቤት አካፋ የሚይዝ አልነበረም። ወንዱ ልጄ በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ሄዷል፣ የኔ ክንድ ደክሟል። ቤት መቀመጥ ግን አልቻልሁም። ሰው ቦይ ሲቆፍር እየሰማ እንዴት ሰው ቤቱ ይቀመጣል? ሄጄ ዳሩ ላይ ቆሜ ዘፈን አወጣላቸዋለሁ፣ እነሱ እየቆፈሩ ይቀበሉኛል። ከልጅነቴ ዘፈን አውጪ ነበርሁ፤ ሰርግም ላይ፣ አጨዳም ላይ። ይኼን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም። ጨዋታ ነው የሚመስለኝ።

የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ የኔ ትልም ደረቅ ሆኖ ቀረ። ሄጄ ባይ ከላዬ የሚያርሰው ሰው የትልሜን አፍ በአፈር ደፍኖታል። ከላዬ ያለው ዋርሳዬ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ነው የሚያርሰው። ልጆቹ፣ አካፋ አላወጣሽም፣ ውሃ የለሽም አሉኝ። እሱ መሬት መሬት ያያል። እኔም ምን ልበል፤ እውነታቸውን ነው ብዬ አምኛለሁ። ማሽላዬ ደጋሊት የምንለው ዘር ነው፣ ጉልበቴ ድረስ ደርሶ ቅጠሉን እንደ ገመድ መጠምዘዝ ጀምሯል። ሁለተኛው ጎርፍ ካለፈው አለቀለት። እሱ ካለቀ ደግሞ መሬቱን ለነሱው ለእኩል ሰጥቼ፣ ቤቴን ዘግቼ፣ ልጆቼ ጋ መጠጋቴ ነው። ልጆቼ አይጠሉኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እየዞሩ እንግዳ መሆንና ጥግ ይዞ ጥገኛ መሆን አንድ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ይነሡለታል፤ ጥገኛ ሲገባ ማንም ቀና አይል።

ቀበሌዎቹ ለልጆቹ ፈረዱ። አንዱ ሰው ግን አዝኖልኝ፣ ቆቦ መስኖ ቢሮ ሂጂ፣ እዚያ ያሉት ሽማግሌ ኃላፊ ሰው ይሰማሉ አለኝ። ብቻ ይላል፣ ብቻ ትንሽ ዘፈን ያበዛሉ። አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ሄድሁ።

ቢሮው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የኒም ዛፍ የበዛበት ግቢ ውስጥ ነው። ባለጉዳይ ጥላው ሥር አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ገና ከመቀመጤ ድም፣ ድም የሚል ነገር ከውስጥ መጣ፤ አግዳሚው ራሱ ከሥሬ ይርገበገባል። የምን ሰርግ ነው ብዬ ጠየቅሁ። አጠገቤ ከጎብዬ የመጣች ሽንኩርት የምታለማ ሴት ነበረች።

"ሰርግ አይደለም እናቴ፣ ኃላፊው ናቸው። ዛሬ ደኅና ናቸው ማለት ነው። ዝም ያለ ዕለት ነው መፍራት" አለችኝ።

ከዚያ ሥርዓቱን ነገረችኝ። ገብተሽ ትቀመጫለሽ፣ ቃል የሌለው ምት ይከፍታሉ፣ ልጆቹ ቢት የሚሉትን፤ ያ እስኪያልቅ ጉዳይሽን ትናገሪያለሽ። ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ። ከአያቴ ልጀምር ብትይ ዘፈኑ ጥሎሽ ይሄዳል፣ አለች። በረኛው ሰምቶ ሳቀ። ወጣቶቹ ሠራተኞች እንደሚያፍሩባቸው፣ ከዞን እንግዳ ሲመጣ ስፒከሩን ከጠረጴዛ ሥር እንደሚሸሽጉት፣ እሳቸው ደግሞ መልሰው እንደሚያወጡት እሱ ጨመረልኝ። አንድ ሼኽ በዘፈን አልናገርም ብለው እንቢ ያሉ ዕለት ግን ስፒከሩን ዘግተው በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ብቻ መቱላቸው አሉ። ሼኹም ጉዳያቸውን እንደ መንዙማ አወረዱት። እስካሁን ይወራል።

ሙቀት ስለሆነ በሩ ክፍት ነው፣ ከተቀመጥሁበት ይታየኛል። ሰውዬው ጡረታቸው የደረሰ ነው፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ፣ በዚያ ሙቀት ሹራብ የለበሱ። ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመቱ እንኳ ምቱን ጠብቀው ነው። እጃቸው ከፍ ይላል፣ ይጠብቃል፣ ድም ሲል ያርፋል። ከኔ ቀድመው የገቡት ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፣ በድንበር የተጣሉ። አንደኛው እንደ ተጣላ ሰው ጀመረ፤ ያንተ አባት የኔን አባት እያለ። ኃላፊው ተቆጥተው አይደለም፣ ጣታቸውን ወደ ስፒከሩ ጠቆም አደረጉ። ሰውዬው ቆም አለ። ጆሮውን አዘነበለ። ከዚያ ቃሉ አንድ በአንድ ምቱ ላይ ይወድቅ ጀመር፤ ድንጋይ ነበር ድንበሩ፣ ማን አነሣው ከሥሩ፣ እያለ። ሁለተኛውም ተራውን ጠብቆ በዚያው አካሄድ መለሰለት። ለስድብ የሚሆን ክፍተት የለም። ስድብ ከምቱ ይወጣልና ራሱ ያሳፍራል።

ሱብሓነላህ አልሁ በልቤ። እናቴ ልጅ ሳለሁ ታወራልኝ ነበር፤ የድሮ ተሟጋች ዛፍ ሥር ዳኛ ፊት ቆሞ ኩታውን አጣፍቶ፣ በላ ልበልሃ እየተባባለ በግጥም እንዴት እንደሚሟገት። ተረት ይመስለኝ ነበር። ይኸው ቢሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በስፒከር መጣ። ሁለቱ ሰዎች ሲወጡ ተያይዘው ነው የወጡት። ታርቀው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አንዱ ለሌላው፣ እንዲህ ትችላለህ ወይ፣ እያለው ነበር።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ቃል ያለበት ዘፈን እየሰሙ አገኘኋቸው። አንድ የሰው አገር ልጅ ትንፋሽ ሳይወስድ ይናገራል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ እንደሚጸልይ ሰው። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ሥራ ላይ ያለ ትልቅ ሰውማ ጭራሽ።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ።

"እትዬ፣ ይኼ ልጅ ምን እያለ እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አላውቅም ጌታዬ።"

"እኔም ግማሹን አላውቀውም፤ ቋንቋው የሰው ነው። አቤቱታ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ አቤቱታ ስሰማ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ የተበደለ ሰው ድምፅ አይጠፋኝም። ልዩነቱ ይኼ ልጅ አያንዛዛም።"

ከዚያ ጉዳዬን በሁለት ቃል ጠየቁኝ፣ በሁለት ቃል መለስሁ። ወገኖቹን ሁሉ አስጠርተው በሳምንቱ ቀጠሩን። ስወጣ፣ ለቀጠሮው ይዘጋጁ፣ አንድ ዘፈን ነው የምሰጥዎት አሉኝ፤ ፈገግ ብለው።

ምን እዘጋጃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ለመንገድ ስሄድ ለራሴ እናገር ነበር። ለእርሻዬ እነግረዋለሁ፣ ለፍየሎች እነግራቸዋለሁ። ብናገረው ብናገረው ግን የኔ ጉዳይ ጉዳይ አልሆን አለ። አካፋ አላወጣሁም። እዘኑልኝ ከማለት ሌላ ምን አለኝ? ደጋውን ቀና ብዬ አያለሁ፤ ዳመናው በየቀኑ እየከበደ ነው፣ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ የሁሉም ሰው ነው፣ ከኔ በቀር።

የቀጠሮው ዕለት ዋርሳዬ ከሁለት ልጆቹ ጋር መጣ። የውሃ አባታችንም ተጠርተዋል፤ ቦዩን የሚመሩት፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያጠጣ የሚያዝዙት ሽማግሌ ናቸው። ሁላችን ውስጥ ገብተን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ ኃላፊው ስፒከሩን ጠረጴዛው መሀል አደረጉት። ቅድሚያ የነሱ ነው ተባለ። ታላቁ ልጅ ተነሣ።

ወላሂ ልጁ ጎበዝ ነበር። እሱ እንደ እኔ አይደለም፤ ስልኩ ውስጥ ይኼው ዘፈን ያለው ልጅ ነው። ምቱ እንደ ተከፈተ ገባበት። አካፋ የለም፣ ውሃ የለም፤ ላብ የሌለው ምርት የለም፤ እኛ ስንቆፍር ማን ነበረ፤ እያለ እጁን እየወረወረ አወረደው። ኃላፊው ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ጣታቸው ጠረጴዛውን ይመታል፣ ፊታቸው በራ። ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥሁት። ሰውዬው የሚወዱትን ነገር ልጁ አወቀበት፣ እኔ ምን ይዤ እነሣለሁ አልሁ። ቤቴ ታየኝ፤ በሩ ተቆልፎ፣ ግቢው ሣር በቅሎበት።

ልጁ ጨርሶ ሲቀመጥ ኃላፊው፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው አሉት። ከዚያ ስልካቸውን ነካክተው ለኔ ሌላ ከፈቱልኝ። ከልጁ ዘገም ያለ ነው፣ ከባድ ነው፤ ድም ይልና ያርፋል፣ ድም ይልና ያርፋል።

ተነሣሁ። ቢስሚላህ አልሁ። ከዚያ ምላሴ ታሰረ። ምቱ ይሄዳል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ከራሴ ወጥቶ በዚያ በክፍቱ በር ሄደ። ትንሹ ልጅ ሲስቅ ሰማሁ። ኃላፊው አላዩኝም፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እግሬ ብቻ ምቱን ተከትሎ መሬቱን መርገጥ ጀመረ፤ እሱ ታዞ አይደለም፣ ለምዶ ነው። እግሬ ሲሄድ አፌ ተከፈተና የወጣው አቤቱታ አልነበረም። የቦዩ ዘፈን ነው የወጣው፤ ደቦው ላይ ሳወጣው የሰነበትሁት።

*ደጋው ደምኗል ዳመናው ከብዶ፣*

አልሁ። ከአግዳሚው ላይ በወፍራም ድምፅ፣

*ይምጣ በቦዩ፣*

ተባለ። ዋርሳዬ ነው። ልጆቹ ዞረው አባታቸውን አዩት። እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬቱን ያያል። ምቱ አልቆመም፤ ኃላፊው ዓይናቸውን ሳይገልጡ በእጃቸው ይቀጥሉ አሉኝ።

*ማሽላው ቆሟል አንገቱን ሰዶ፣*

*ይምጣ በቦዩ፣*

*የላይኛው ሰው ጠጥቶ ይለፍ፣*

*ይምጣ በቦዩ፣*

*የታችኛውም ከጥሙ ይረፍ፣*

*ይምጣ በቦዩ።*

በስተመጨረሻ የውሃ አባቱም አብረው ይቀበሉ ነበር፣ ከውጭም ባለጉዳዩ፣ እንደዚያች ከጎብዬ እንደ መጣችው ያሉ ሴቶች ሁሉ። የሰው ድምፅ ስፒከሩን በላው። ስንቱን ጊዜ አውጥቼዋለሁ፤ ምን እያልሁ እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ምቱ አለቀ። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ዋርሳዬን ጠየቁት።

"አቀባበሉን ከየት ለመዱት?"

"ከሷ ነው።"

"የት?"

"ቦዩ ላይ ነዋ። እኛ ስንቆፍር እሷ ስታወጣ።"

"ልጅዎ ግን ማን ነበረ ሲል ሰምቻለሁ።"

ታላቁ ልጅ መልሱን ወሰደ፤ ብትዘፍንም አካፋ አልያዘችም፣ ዘፈን አፈር አይዝቅም አለ። ክፉ መልስ አልነበረም። እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። ኃላፊው ግን ወደ ሽማግሌው ዞሩና፣ በእናንተ ወግ ዘፈን አውጪ ምን ይባላል አሏቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

"በማርያም፣ ረስተነው ነው እንጂ ይቆጠራል" አሉ። "በአባቶቻችን ጊዜ አውጪ ከሌለ ደቦው አይወጣም ነበር። እጁ ባይዝ አፉ ይዟል ይባላል፤ ጎርፉም እንደ ማንም ሰው ይደርሰዋል። አሁን ልጆቹ በስልካቸው ሲዘፍኑ አውጪ መቁጠሩን ተውነው።"

ኃላፊው ፍርዱን ሲሰጡ ሙዚቃ አልከፈቱም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በራሳችሁ ወግ ይቺ ቤት ሠርታለች፣ ትልሙ ይከፈት አሉ። ከዚያ ለታላቁ ልጅ፣ አንተ ልጅ ትችላለህ፤ ግን ራፕ ማለት እውነቱን ሳይዘልሉ ማለት ነው አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ግን ሳያስበው ደስ እንዳለው አይቻለሁ። ጎበዝ የተባለው በማን ነው።

ሁለተኛው ጎርፍ የመጣው በዚያው ሳምንት ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐይ ነበር። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ የእርጥብ አፈርና የደጋ ሣር ሽታ፤ ቀጥሎ ከወንዙ በኩል እንደ ብዙ መኪና ያለ ድምፅ። ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። እኔ ከትልሜ አፍ ላይ ቆሜ ዋርሳዬ ሲመጣ አየሁት፣ ብቻውን። የደፈነውን አፈር በአካፋው ሁለት ጊዜ መታው። ውሃው ቆም ብሎ ያሰበ መሰለኝ። ከዚያ ዞረ። ቡናማ ነው፣ አረፋ ተሸክሟል፣ ደረቅ ቅጠል ከማላውቀው አገር ይዞ መጥቷል። በየማሽላው ሥር ገባ፣ አፈሩ ቂስ አለ፣ እንደ ጋለ ብረት። ጫማዬን አውልቄ መሀሉ ቆምሁ። ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ክፉውንም ደጉንም፤ ውሃ በዘፈን ተጠርቶ ሲመጣ ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ማሽላው ያዘ። ቤቴም እነሆ አለች፣ ልጆቹም የተሰበሰቡባት ይችው ናት።

ሰውዬው በዓመቱ ጡረታ ወጡ። አንድ ጊዜ ቆቦ ገበያ አየኋቸው፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ሹፌሩን ድምፁን ጨምረው እያሉ። ዝም ብዬ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኋቸው። ያወቁኝ መሰለኝ፤ በጣታቸው የባጃጁን ብረት ድም፣ ድም አደረጉልኝ።

ከዚያ ደግሞ ዓመታት አለፉ፣ ጦርነቱም መጣና አለፈ። ዋርሳዬ ታሞ ተኛ። እኔ እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ፣ ወተት ካለኝ ወተት ይዤ። አንድ ቀን ላጫውተው ብዬ ያን ነገር አነሣሁበት። ያ አፍህ አምልጦህ ባይቀበለኝ ኖሮ ዛሬ ማን ወተት ያመጣልህ ነበር ብዬ ቀለድሁበት።

"እታለም" አለኝ፣ "አፌ አላመለጠኝም።"

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ልጆቹ ገፍተውት እንጂ ውሃዬን ሊከለክለኝ ልቡ አልወደደም፤ በልጆቹ ፊት ግን መመለስ አቃተው። የቀጠሮው ዋዜማ ብቻውን ቆቦ ወርዶ ኃላፊውን ይኼንኑ አላቸው፤ ደቦው ላይ ዘፈን ሳወጣላቸው እንደነበርም ነገራቸው። እሳቸው አልመከሩትም፣ አልተቆጡትምም። ስፒከሩን ከፍተው አንድ በአንድ አሰሙት፤ ከነዚህ ውስጥ ከቦዩ ዘፈን ጋር የሚሄደው የትኛው ነው ብለው ጠየቁት። ለኔ የተከፈተልኝን ምት የመረጠው እሱ ነበር።